ከልጅነት ኮከቤ ጋር ልሰለፍ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የ41 ዓመት ሰው ስሆን ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ የቡና ንግድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። እሑድ እሑድ ማለዳ ከሰፈራችን ጤና ቡድን ጋር ኳስ እጫወታለሁ፤ እጫወታለሁ ስል ግን ዝናብና ለቅሶ ያላስቀሩኝን እሑዶች ብቻ ማለቴ ነው። በሚያዝያ ወር ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ወንበር መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ በከተማችን የበጎ አድራጎት ጨዋታ ይደረጋል። ጨዋታው የቀድሞ የክለብና የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን ከእኛ ከጤና ቡድን ሰዎች ጋር ቀላቅሎ የሚያሰልፍ ሲሆን፣ እኔም ከፍ ያለ መዋጮ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በመሆኔ የመሰለፍ ዕድል ተሰጥቶኛል። ከሚመጡት መካከል በልጅነቴ ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት አማካይ ይገኛል። የመጀመሪያውን አጋማሽ ከእኔ ጋር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለተቃራኒው ቡድን እንደሚጫወት ተነግሮናል።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች ሦስት ናቸው። ሰውነቴ በቀሩት አምስት ሳምንታት ለዚህ ይደርሳል ወይ? ያን የማከብረውን ሰው በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ይዞ ቢመጣብኝ ልቀማው ወይስ አክብሬ ልለፈው? ሦስተኛው ደግሞ አንዳንድ የቡድናችን ልጆች «ቦታውን በብር ገዛው» እያሉ እንደሚያሙኝ መስማቴ ነው። ባለቤቴም «ብሩን ሰጥተህ ቁጭ ብለህ ብታይ ምን ይጎድልሃል?» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጤና ቡድኑ ተሰላፊ፣ ከጅማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጨረሻ ካነሱት ልጀምር፤ የደብዳቤዎ እውነተኛ ጭንቀት እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛልና። ለበጎ አድራጎት ጨዋታ ገንዘብ ሰጥቶ መሰለፍ በእርስዎ የተጀመረ ነገር አይደለም። በካናዳ በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱትን ሆኪ የሚወዱ የቢሮ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ቡድን መሥርተው ለሕክምና ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ውድድር አለ፤ በዚያ ውድድር ብዙ ገንዘብ የሰበሰበው ቡድን ጡረታ ከወጡት ባለሙያ ተጫዋቾች መካከል አብሮት የሚሰለፈውን ቀድሞ የመምረጥ መብት ያገኛል። እዚያ ይህ ማንንም አያሳፍርም፤ ምክንያቱም ደንቡ አስቀድሞ ለሁሉም የተነገረ ነው። ስለዚህ የእርስዎም ጉዳይ የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው፦ ለመዋጮ ቦታ እንደሚሰጥ አዘጋጆቹ በግልጽ አስታውቀዋል ወይስ በጆሮ ተነግሮዎት ገቡ? በግልጽ ከሆነ ሐሜቱን ይተዉት። በጆሮ ከሆነ ግን አዘጋጆቹ አሁኑኑ በይፋ እንዲያሳውቁ ይጠይቁ፤ ሌላም ሰው መስጠትና መሰለፍ ቢፈልግ መንገዱ ይከፈትለት።

ከዚህ በተረፈ፣ ብርዎ የሚያስገኝልዎት የመሰለፍ ዕድሉን እንጂ ስድሳውን ወይም ዘጠናውን ደቂቃ በሙሉ አይደለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን ሃያ አምስት ደቂቃ ተጫውቼ፣ ቀሪውን ጊዜ ከቡድናችሁ ውስጥ ኳስ እየቻለ ገንዘብ ለማዋጣት አቅም ላጣው ልጅ እንዲሰጥልኝ አሠልጣኙን አስቀድሜ እለምነዋለሁ። ይህን የምለው አፍ ለማዘጋት ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች እንደማስረዳው ለሰውነትዎም የሚበጀው እሱ ነው። ባለቤትዎም በዚህ የሚስማሙ ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ (በሁለተኛው አጋማሽም የሚገቡ ከሆነ ማለቴ ነው)፣ መልሱን አያቶቻችን ቀድመው የሰጡበት ሆኖ አገኘዋለሁ። በገና በዓል ሜዳ ላይ ወጥተው፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የምትባለውን ኳስ እየመቱ በሁለት ጎራ የሚፋለሙበት ጨዋታ የእኛው አገር ሆኪ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በዚያ ጨዋታ ሎሌና ጌታ፣ አለቃና ምንዝር ተቀላቅለው ይሰለፉ ስለነበር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባለ። ሎሌው ከጌታው እግር ሥር ሩሩን ቢመነትፍ ጌትየው ሊቆጣ አይገባውም ማለት ነው፤ የተገላቢጦሹም ያው ነው፤ ጌታው ሜዳ የወጣው ሊጫወት እንጂ ሊታለፍለት አይደለም። የልጅነት ኮከብዎም ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሚመጣው፣ ኳስ ሲይዝ ሰው ሁሉ ገለል እንዲልለት ፈልጎ አይመስለኝም። ሆን ብለው ቢያሳልፉት በመጀመሪያው ጊዜ ይስቃል፤ በሁለተኛው ግን ይገባዋል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ክብር ሳይሆን እንደ ሽማግሌ መታየቱ ነው።

ስለዚህ ይቅሙት። የሚቀሙበት መንገድ ግን ወሰን አለው። ሸርተቴ አይግቡ፤ ከኋላ አይምጡ፤ ኳሱ ከእግሩ ከራቀ ብቻ እግርዎን ይዘርጉ፤ ካመለጠዎት ይተዉት፤ ማልያውን ይዘው አይጎትቱ። ለረጅም ዓመታት በከፍተኛ ደረጃ የተጫወቱ ሰዎች በጉልበት መገጣጠሚያ መጎዳት ከሌላው ሰው የበለጠ እንደሚቸገሩ በሕክምና የታወቀ ነው፤ ፈገግ ብሎ የሚያሟሙቀው ሰው ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ጉልበት በካልሲው ሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ባለ ጨዋታ መስመር የሳቱ አማተሮች በዓለም ላይ ጠፍተው አያውቁም። በ2006 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በተደረገ የእንግሊዝና የጀርመን የቀድሞ ተጫዋቾች የበጎ አድራጎት ግጥሚያ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቦሪስ ጆንሰን ተቀይረው ገብተው፣ የቀድሞውን የጀርመን ብሔራዊ ቡድን አማካይ ማውሪዚዮ ጋውዲኖን ራሳቸውን እንደ በሬ ዝቅ አድርገው ሆዱ ላይ በግንባር ገጭተውት ነበር። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ይሳቅበታል፤ ለጋውዲኖ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አደጋው በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በሴልቲክ ፓርክ በተደረገ የእርዳታ ጨዋታ ላይ ዘፋኙ ሉዊስ ቶምሊንሰን በወቅቱ ገና ባለሙያ ተጫዋች ከነበረው ከገብርኤል አግቦንላሆር ጋር ተጋጭቶ ተጎድቶ ወጣ፤ በሜዳው ዳርም አስታወከ፤ ተጫዋቹም ይቅርታ ጠየቀ። ባለሙያ ለቀልድ ብሎ የሚገባው ግጭት እንኳ ለእኔና ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ግንብ እንደ መምታት ነው። እንደምገምተው ከሚመጡት ውስጥ ጫማ የሰቀሉት በቅርቡ የሆኑም ይኖራሉ። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃው ትውልድ ዛሬ የእርስዎ እኩያ ወይም ታናሽ ነው፤ «የቀድሞ» የሚለው ቃል አያታልልዎት።

የመጀመሪያው አጋማሽ፣ ማለትም ከእሱ ጋር የሚሰለፉበት፣ ከዚህ ይልቅ ደስ የሚለው ክፍል ነውና ትንሽ ልቆይበት። ጡረታ የወጣ ጥሩ አማካይ ያጣው ፍጥነቱን ነው፤ ዓይኑና የመጀመሪያ ንክኪው ግን አብረውት አሉ። እንግዲህ ኳስ ሲሰጡት ወደ ባዶ ቦታ ወርውረው አያስሩጡት፤ እግሩ ላይ፣ በተለይም በሚመቸው እግሩ ላይ፣ ቶሎ ብለው ያድርሱለት። ከሰጡት በኋላ ቆመው አይመልከቱት። አብዛኞቹ አማተሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለኮከቡ ኳስ ካቀበሉ በኋላ እንደ ተመልካች አፍ ከፍተው ይቆማሉ። እርስዎ ግን አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ፊት ይሂዱ፤ ኳሱ የሚመለሰው አሁን ወዳሉበት ሳይሆን መድረስ ወደሚገባዎት ቦታ ነውና። አንድ ሁለት ተቀባብላችሁ ካለፋችሁ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ወሬ አገኙ ማለት ነው። ድምፁንም ያዳምጡ፤ «ሰው አለ»፣ «ዙር»፣ «ብቻህን ነህ» የሚሉት አጫጭር ቃላት እሱ ለሃያ ዓመት የኖረባቸው ናቸው፤ ከእርስዎ ኋላ ያለውን ሰው እርስዎ ሳያዩት እሱ አይቶታል። አብዶ ለመሥራት አይሞክሩ። ፎቶ ከጨዋታው በኋላ ይደርሳል፤ በዕረፍት ሰዓት ስልክ ይዞ የሚከበው ሰው ብዙ ስለሚሆን እርስዎ ውኃ ቢያቀብሉት ይበልጥ ያስታውስዎታል።

አሠላለፍ የመጠየቅ ዕድል ካለዎት ደግሞ መሐል ሜዳ ይጠይቁ። ብዙ አዘጋጆች አማተሩን «ችግር እንዳይፈጥር» በማለት መስመር ላይ ይጥሉታል፤ ነገር ግን መስመር ረጅም ሩጫ የሚበዛበት፣ ጡንቻም የሚበጠስበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሰውነትዎ እንምጣ። አንድ ባለሙያ አማካይ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ያም ቆም፣ ፈትለክ፣ ዞር እያለ ነው። አምስት ሳምንት እዚያ አያደርስዎትም፤ ሃያ አምስት ደቂቃ በጤና ተጫውተው ለመውጣት ግን በቂ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ሄደው የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ስኳርዎንም ይመርመሩ። ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን የሚጨንቅዎት ከሆነ፣ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ወይም ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ ሰው ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ልብ በድንገት የመቆም አደጋ የሚበረታው ሰውነት ባልለመደው ከባድ እንቅስቃሴ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ያለ የእግር ጉዞና ሶምሶማ ይበቃዎታል። የጅማ ሰው በመሆንዎ ማሠልጠኛው ከደጅዎ ነው፤ ወደ ጂረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ሳንባዎን ይከፍታል። ስትወጡ ፈጠን፣ ስትወርዱ ግን ቀስ በሉ፤ ቁልቁለቱ ነው ጉልበትንና ጭንን የሚያሳምመው። በግምት ከፍተኛው የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ይገኛል ይባላል፤ ለእርስዎ በደቂቃ 179 ይሆናል፤ በልምምድ ላይ ከ125 እስከ 143 ያለው ይበቃዎታል። መለኪያ ከሌለዎት አብሮዎት ከሚሮጠው ሰው ጋር ይነጋገሩ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ካልቻሉ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከሃያ እስከ ሠላሳ ሜትር የሚደርሱ አጫጭር ሩጫዎችን፣ ሙሉ ጉልበትዎን ሳያወጡ፣ በመካከሉ በደንብ እያረፉ ይጨምሩ፤ ለሌላው ቀን ደግሞ አንድ ጓደኛ ቁርጭምጭሚትዎን ይዞልዎት፣ በጉልበትዎ ተንበርክከው፣ ሰውነትዎን ቀጥ አድርገው ቀስ እያሉ ወደ ፊት የሚወድቁበትን እንቅስቃሴ ይሥሩ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የኋላ ጭን ጡንቻን ከመበጠስ በመከላከል ረገድ ጥሩ ውጤት ያሳየ ነው። አምስተኛውን ሳምንት ያርፉ፤ በጨዋታው ዋዜማ «ልሞክረው» ብሎ የሚሮጥ ሰው በማግሥቱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጾመኛ ከሆኑ ልምምድዎን ወደ መፍቻው ሰዓት ያስጠጉት።

በከተማችን የማይነገር ግን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ጫት። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ድካምንም ስለሚደብቅ ሰው አቅሙ ካለቀ በኋላ እንዲሮጥ ያደርገዋል። ከጨዋታው በፊት ባለው ቀንና በዕለቱ አይቃሙ። ቡናውን ግን ማንም አይከለክልዎትም፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው ማለትም አይቻልም።

በዕለቱ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያሟሙቁ፤ የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ሳይሳሳቱ የሚያደርጉት ይህንን ነውና ከእነሱ አጠገብ ሆነው የሚሠሩትን ይከተሉ። ሩጫ ሲጀምሩ ባትዎን ወይም ተረከዝዎን ከኋላ ሰው የረገጠዎት መስሎ ተሰምቶዎት ዞር ሲሉ ማንንም ካላዩ፣ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በአንድ እግርዎ እንኳ እንጣጥ ብለው ለመቀጠል አይሞክሩ። ይህ ጉዳት በእርስዎ ዕድሜ ክልል ባሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ በሚጫወቱ ወንዶች ላይ የሚዘወተር ነው። ጡንቻ ከተሳበም በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ወጌሻ እንዲያሸው ወይም በሙቅ ውኃ እንዲታጠብ አይፍቀዱ፤ ደሙን ያበዛዋል።

ጥያቄ፦ እኔም የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ተመሳሳይ ጨዋታ ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። የቀድሞ ተጫዋቾች ዘጠና ደቂቃ አይችሉም፤ ቅያሪውስ ስንት ይሁን? ሰዓቱንስ ከሰዓት በኋላ ብናደርገው ሕዝብ ይበዛልናል፤ ነገር ግን ዝናቡን እንፈራለን።

አስተባባሪው

መልስ፦ የእግር ኳስ ሕግ ለአንጋፋ ተጫዋቾች ጨዋታ የሚፈቅደው ነገር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው፤ የጨዋታው ርዝመት ሊያጥር፣ ተቀይሮ የወጣ ሰውም ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ለሁለት ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃችኋል፤ የቅያሪውንም ቁጥር ሁለቱ ቡድኖች ተስማምተው ከጨዋታው በፊት ለዳኛው ያሳውቁ። ዳኛው እውነተኛ ዳኛ ይሁን፤ «የወዳጅነት ነው» ተብሎ ፊሽካ ለታዋቂ ሰው አይሰጥ። ሸርተቴ መከልከሉን ዳኛው ራሱ በሁለቱም መልበሻ ክፍል ገብቶ ቢናገር ከእናንተ አፍ ይልቅ ይሰማል። የቅልጥም መከላከያ የሌለው አይግባ። የጋብቻ ቀለበትም ይውለቅ፤ በፕላስተር መሸፈን በሕጉ የተፈቀደ አይደለም፤ ይህ ነጥብ ከአማተሮቹ ጋር እንደሚያጨቃጭቃችሁ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ ማለዳውን እመርጣለሁ። በሚያዝያ የጅማ ሰማይ ጠዋት ፈክቶ ከሰዓት በኋላ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ እርጥብ ሣር ላይ ደግሞ የሃምሳ ዓመት ጉልበትና የአማተር ታኬታ አብረው አይሄዱም። ከሰዓት በኋላ ካደረጋችሁት ነጎድጓድ እንደተሰማ ጨዋታውን አቁማችሁ ሁሉንም ከሜዳ አስወጡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ። አምቡላንስ ከሳምንት በፊት ተነጋግራችሁ በር ላይ እንዲቆም አድርጉ። ከአስተባባሪዎቹም ቢያንስ ሁለቱ ደረት መጫንን ይልመዱ፦ ሰው ወድቆ የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ በደረቱ መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ሳያቋርጡ መጫን።

ለእንግዶቹ ተጫዋቾች የምታወጡትን የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ከመግቢያው ገቢ ላይ የምትቀንሱ ከሆነ ትኬቱ ከመሸጡ በፊት ተናገሩ። የተሰበሰበውንም ሒሳብ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት፣ ትምህርት ቤቱን የሚወክል ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ ስንት ብር እንደገባና ስንት ወንበር እንደሚገዛ በድምፅ ማጉያ አንብቡት።